የተትረፈረፈ እሸትና አትክልት በቤት ውስጥ ፍሪዘር እንዴት እንደሚቆይ

በሰሜን ሸዋ ደጋ ጥቅምት ሲገባ የባቄላ እሸት ከየቤቱ አይጠፋም፤ ገጠር ዘመድ ያለው የደብረ ብርሃን ነዋሪ ደግሞ አንዳንዴ ጆንያ ሙሉ እሸት ከነቅርፊቱ ይላክለታል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ጥሬውም ጥብሱም ይጣፍጣል፣ በሦስተኛው ቀን ለጎረቤት ይታደላል፣ በአራተኛው ቀን ጆንያው ውስጥ እጅ ሲሰድዱ ሙቀት ይሰማል። እሸት ከተለቀመ በኋላም ስለሚተነፍስ፣ ተከምሮ ሲቆይ ራሱን በራሱ እያሞቀ ይበላሻል። ከጣርማ በር ቁልቁል ተወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ደግሞ ችግሩ የቲማቲምና የፓፓያ ነው፤ አንድ ሰሞን ረክሶ በሣጥን ይገዛል፣ ሳምንት ሳይሞላ ግማሹ ለከብት ይሆናል።

ፍሪዘር ያለው ቤት ይህን ትርፍ ለወራት ማቆየት ይችላል። ሆኖም ፍሪዘር የተሰጠውን ባለበት ያቆያል እንጂ የጠወለገውን አያለመልምም፤ ስለዚህ ውጤቱ የሚወሰነው በሩ ከመዘጋቱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ሥራ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የራስን ፍሪዘር ማወቅ ይገባል። በብዙ ፍሪጆች የበረዶ ክፍል በር ላይ የኮከብ ምልክት አለ። አንድ ኮከብ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ፣ ሁለት ኮከብ ከዜሮ በታች 12፣ ሦስት ኮከብ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ማለት ሲሆን፣ ትኩስ ምግብን ከመነሻው በረዶ ለማድረግ የተሠራው ግን ባለ አራት ኮከቡ ነው። አትክልት ጣዕሙን ሳይለቅ ከ8 እስከ 12 ወር የሚቆየው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪና ከዚያ በላይ በሚቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ ነው፤ ባለ አንድ ኮከብ ክፍል ለሳምንት ያህል ካቆየ ይበቃዋል። በአንድ ቀን የሚጨመረውም መጠን ልክ አለው፤ ለእያንዳንዱ 100 ሊትር የፍሪዘር ይዞታ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ነው። ከዚህ በላይ ሲታጨቅ ቅዝቃዜው ስለሚዘገይ በአትክልቱ ውስጥ ያለው ውሃ ትልልቅ የበረዶ ቅንጣት ይሠራል፣ ቅንጣቱም የአትክልቱን ሥጋ ውስጥ ለውስጥ ይቀደዋል። በረዶው ሲቀልጥ የሚልፈሰፈሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ሥራው የሚጀምረው በመልቀም ነው። የጠቆረው፣ የተነቀዘውና የደረቀው ተለይቶ ይውጣ፤ የቀረው በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ባቄላውና አተሩ ይፈልፈሉ፤ ካሮትና ፎሶሊያ ለወጥ በሚሆን መጠን ይከተፉ፤ ጎመን ከወፍራም አንጓው ተለይቶ ይቀንጠስ። በአንድ ጊዜ ሊሠራ ከሚችለው በላይ መፈልፈል አያስፈልግም፤ የተፈለፈለ እሸት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጣፋጭነቱን መቀነስ ይጀምራል።

ከዚህ የሚቀጥለው ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ነው፤ እኔም ዘልዬው አውቃለሁ። በአንድ ዓመት አምስት ኪሎ ያህል ጎመን አጥቤና ከትፌ በጥሬው ፍሪዘር ውስጥ ከተትሁ፤ በዐቢይ ጾም አውጥቼ ስቀቅለው መልኩ ቡናማ፣ ሽታውም የከረመ ድርቆሽ ሆኖ አገኘሁት። ምክንያቱ በማንኛውም አትክልት ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች (ለውጥን የሚያፋጥኑ ተፈጥሯዊ ንጥረ ነገሮች) በብርድ ይዘገያሉ እንጂ ሥራቸውን አያቆሙም፤ ቀስ በቀስ ቀለሙን፣ ጣዕሙንና ቫይታሚኑን ይበላሉ። የሚያስቆማቸው ሙቀት ነው። ስለዚህ አትክልቱ ሳይበስል፣ በፈላ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ነከር ተደርጎ መውጣት አለበት።

ለግማሽ ኪሎ አትክልት 4 ሊትር ያህል ውሃ በትልቅ ድስት ይጣዳል፤ ለጎመንና ለሌላ ቅጠል ግን እጥፉ ይሻላል። ውሃው ሲንተከተክ አትክልቱ በወንፊት ወይም በንጹሕ ስስ ጨርቅ እንደተያዘ ይገባና ድስቱ ይከደናል። ውሃው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ካልፈላ የገባው አትክልት በዝቷል ማለት ነው። ውሃው ተመልሶ ከፈላበት ጊዜ ጀምሮ ሲቆጠር ለአተር እሸት አንድ ደቂቃ ተኩል፣ ለተከተፈ ካሮት 2 ደቂቃ፣ ለፎሶሊያና ለጎመን 3 ደቂቃ፣ ለባቄላ እሸት እንደ ፍሬው ትልቅነት ከ2 እስከ 4 ደቂቃ ይበቃል።

ይህ የደቂቃ ልክ ግን ለቆላ አገር የተቀመረ ነው። ከባሕር ወለል ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ90 ወይም በ91 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ ድስቱ ቢንተከተክም ሙቀቱ ያነሰ ነው። ከ1,500 ሜትር በላይ በሚገኝ ቦታ ሁሉ አንድ ደቂቃ መጨመር ያስፈልጋል። ስለዚህ የደብረ ብርሃን፣ የአንኮበር፣ የደብረ ሲናና የመሐል ሜዳ ሰው ጎመኑን 4 ደቂቃ ያቆየዋል፤ የሸዋ ሮቢት ሰው በ3 ደቂቃ ያወጣዋል። አጭር ጊዜ ከረጅም ጊዜ የከፋ ጉዳት አለው፤ ለብ ብሎ ብቻ የወጣ አትክልት ኢንዛይሙ ሳይሞት ይልቁንም ይነቃቃል።

አትክልቱ ከድስት እንደወጣ ወዲያውኑ በበረዶ ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይግባ፤ በፈላው ውሃ የቆየውን ያህል ደቂቃ በቀዝቃዛውም ይቆይ። ካልቀዘቀዘ በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። በዚህ ረገድ ደገኛው ዕድለኛ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ማታ ደጅ ያደረ ባልዲ ጠዋት ላዩ በረዶ ሠርቶ ይገኛልና ለማቀዝቀዣ ሌላ ነገር መፈለግ አይኖርበትም። በቆላው ግን አስቀድሞ በፍሪዘር የተዘጋጀ በረዶ ያስፈልጋል።

ከውሃው የወጣው አትክልት በደንብ ይጠንፈፍ፣ ከዚያም በንጹሕ ፎጣ ላይ ተሰጥቶ ይደራረቅ። ጎመን በእጅ ጨመቅ ይደረግ። የቀረው የውሃ ጠብታ ሁሉ በረዶ ሆኖ አትክልቱን እርስ በርስ ያጣብቀዋል።

የፍሬው ዓይነት፣ ማለትም ባቄላ፣ አተር፣ ካሮትና ፎሶሊያ፣ መጀመሪያ በትሪ ላይ በአንድ ረድፍ ተዘርግቶ ለጥቂት ሰዓታት ፍሪዘር ውስጥ ይቀመጥ፤ በረዶ ሆኖ ሲጠነክር ወደ ፌስታል ይገለበጥ። ይህን ሳያደርግ ሦስት ኪሎ ባቄላ በአንድ ፌስታል የከተተ ሰው፣ ለአንድ ወጥ የሚበቃ ለማግኘት ጥቅልሉን በዘነዘና ሲቀጠቅጥ መገኘቱ አይቀርም። ጎመን ትሪ አያስፈልገውም፤ ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን እየተጨበጠ ይጠቀለላል።

ለማሸጊያ ወፍራም ፌስታል ይመረጥ፤ የገበያው ስስ ፌስታል እርጥበትና አየር ስለሚያሳልፍ ቢያንስ ሁለት መደረብ አለበት። ፌስታሉ ተደልድሎ አየሩ በመዳፍ እየተገፋ ይውጣ፤ አየር የቀረበት አትክልት ይደርቃል፣ ላዩም ይነጣል። ሾርባና ድልህ የመሰለ ፈሳሽ በእቃ ሲቀመጥ ሲረጋ ስለሚያብጥ ከአፉ በታች ሁለት ጣት ያህል ይጉደል። በእያንዳንዱ ላይ ምን እንደሆነና የገባበት ወር ይጻፍ፤ ከሦስት ወር በኋላ በረዶ የለበሰ አተርና ባቄላ በዓይን ለመለየት እጅግ ያስቸግራል።

በፈላ ውሃ ነከር ማድረግ የማያሻቸውም አሉ። ቲማቲም ታጥቦና ደርቆ ሙሉውን ይገባል፤ ሲወጣ ለብ ባለ ውሃ ሥር ሲያዝ ልጣጩ በራሱ ይገፈፋል፤ ለወጥ እንጂ ለሰላጣ አይሆንም። ቃሪያ ፍሬው ወጥቶ ተከትፎ ይቀመጣል፤ ለስንግ የታሰበ ግን በትኩስነቱ ይበላ፤ ከበረዶ የወጣ ቃሪያ ይልማልና መሰንጉ ዋጋ የለውም። የተፈጨ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ እንዲሁም የሎሚ ጭማቂ፣ በበረዶ መሥሪያ ፕላስቲክ ረግቶ እንደ ኩብ እየወጣ ያገለግላል። ማንጎና ፓፓያ ተልጠውና ተቆራርጠው በትሪ ላይ በረዶ ሆነው ከጠነከሩ በኋላ ለጁስ ይሆናሉ። አቮካዶ ከተዳጠና ሎሚ ከተጨመቀበት ይቆያል።

ቀይ ሽንኩርት ተከትፎ ሊገባ ይችላል፤ ሽታው ግን ሌላውን ሁሉ ስለሚበክል በሁለት ፌስታል መጠቅለል አለበት። እኔ የምመርጠው ግን ሽንኩርቱ ሲረክስ ብዙውን በአንድ ድስት ቁሌት ሠርቶ፣ ቶሎ አቀዝቅዞ፣ በኩባያ ለክቶ ማስቀመጥ ነው። የነዳጅም የጊዜም ቁጠባ አለው፤ ከሦስት ወይም አራት ወር ባይበልጥ ይመረጣል። ድንች፣ ሰላጣ፣ ኪያርና ጥሬ ጥቅል ጎመን ፍሪዘር ውስጥ አይግቡ። ድንች ለመቀመጥ የደጋ ቀዝቃዛ ጨለማ ጓዳ ይበቃዋል።

መብራት ሲጠፋ የመጀመሪያው ሕግ በሩን አለመክፈት ነው። ጥቅጥቅ ብሎ የሞላ ፍሪዘር ሳይከፈት እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሆነው እስከ 24 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል፤ ስለዚህ ባዶ የቀረውን ቦታ ውሃ በተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች መሙላት ይጠቅማል። ከቤት ርቆ የሚሰነብት ሰው ደግሞ በኩባያ ውሃ አርግቶ ላዩ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም ያስቀምጥ። ሲመለስ ሳንቲሙ ከላይ ካለ በረዶው አልቀለጠም፤ ወደ ታች ሰምጦ ከተገኘ ግን ሁሉም ቀልጦ እንደገና ረግቷልና መጣል አለበት። ብርድ ጀርሞችን አስተኝቶ ያቆያል እንጂ አይገድልም። መሐሉ ገና በረዶ ያለበት አትክልት ግን ልስላሴው ቢጨምርም ተመልሶ ሊቀመጥ ይችላል።

ለመጠቀም ሲወጣ አትክልቱን አስቀድሞ ማቅለጥ አያስፈልግም። ቁሌቱ ሲበስል ባቄላው ከነበረዶው ይጨመራል፤ እንደ ጠጠር እየተንኳኳ ድስት ውስጥ ይወድቃል፣ ድስቱም ለአፍታ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ተመልሶ ይንተከተካል። አስቀድሞ በፈላ ውሃ ስላለፈ ከትኩሱ ባነሰ ጊዜ ይበስላል፤ ውሃም ከወትሮው ቀነስ ተደርጎ ይጨመርበት፤ በረዶው ራሱ ውሃ ይጨምራልና።