ለግቢ ማሠሪያ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት

ሰሞኑን እንደኔው ውጭ አገር የሚኖር ሦስት ሰው ደውሎ «የአዲስ አበባውን ግቢ ላሳምር ብዬ ነበር፣ ለማን ልላክ?» አለኝ። ሦስቱም የጀመሩት ከሳሩ ነው። ሳር የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

መጀመሪያ ውሃው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ዝናብ ከጣሪያችሁ ወርዶ የት እንደሚገባ ሳታውቁ አንድ ድንጋይ አታስነጥፉ። ንጣፉ ከቤቱ ወደ ውጭ በየሜትሩ 2 ሳንቲም ያህል ዝቅ ይበል። ቦሌና አቃቂ በኩል ያለው ጥቁር አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ተቆፍሮ በገረጋንቲ ካልተተካ ኮብልስቶኑን ያነሳባችኋል። ቀጥሎ ቦታውን በሥራው ክፈሉት፦ መኪና የሚዞርበት፣ ለሰርግም ለለቅሶም ድንኳን የሚተከልበት፣ ቡና የሚፈላበት ጥላ፣ ልብስ የሚሰጣበትና በግ የሚታረድበት ጓሮ። ሴፕቲክ ታንኩ አጠገብ ዛፍ አይተከልም። አቮካዶው የተዳቀለ ይሁን፤ ከፍሬው የበቀለውን ስትጠብቁ ታረጃላችሁ። ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ኩሽናው ደጃፍ። ችግኝ ክረምት መግቢያ ላይ። ይሄን ማንም አትክልተኛ ይነግራችኋል።

እኔ የምነግራችሁ ስለ ፎቶው ነው።

ቡልቡላ ያለውን ግቢዬን ያሠራልኝ የአክስቴ ልጅ ነበር። ደብተርና ዩኒፎርም እየላኩ ያስተማርኩት ልጅ። «ጋሼ፣ እርስዎ ብቻ ይላኩ፣ ምንም አያስቡ» ይለኛል። አላሰብኩም። በየሁለት ሳምንቱ በቴሌግራም ፎቶ ይመጣል፦ ሳር፣ ጽጌረዳ፣ ኖራ የተቀባ የአበባ መደብ። ለሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ አሳይቻለሁ። ልብ ያላልኩት ነገር፣ ሁሉም ፎቶ የተነሳው በረንዳው ላይ ከአንድ ቦታ ተቁሞ ነው። አቮካዶው እንዲተከል ያዘዝኩበት የቀኝ ጥግ አንድም ቀን አይታይም። ስጠይቅ «እዛ ጋ አፈር ተደፍቷል፣ ያስጠላል» ይለኛል። አንድ እሑድ በቪዲዮ ስናወራ ስልኩን ዞር ሲያደርገው ገመድ አየሁ። የሕፃን ልብስ ተሰጥቶበታል፣ ከትናንሽ ቢጫ ካልሲዎች ጋር። ልጁ ሚስት እንኳ የለውም።

ለካ ለንጣፉ በላክሁት ሲሚንቶና አሸዋ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ሠርቶ አከራይቷል። ፈቃድ የለ፣ ምን የለ፤ ወረዳ ቢመጣ ካርታው ላይ ያለው የእኔ ስም ነው። የክፍሎቹ ጣሪያ ደግሞ ውሃውን ወደ ሳሎኔ ይለቀዋል። እናቴ ጋ ስደውል አውቃ ኖሯል! «እሱም ይቋቋም ብዬ ነው፣ አንተ እዛ ምን ጎደለህ» አለችኝ። አክስቴ አኮረፈች። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ሽማግሌዎቹም ዘመዶቻችን ናቸው። «ለእናትህ ስትል ተወው» ተባልኩ። ባዕድ ቢሆን ፖሊስ ጣቢያ ይኬዳል። የአክስትን ልጅ የከሰሰ ግን ለፋሲካ እንኳን አደረሰህ የሚለው አያገኝም።

ዘመድ አታሠሩ አልልም፤ ባዕዱን ማን ያውቀዋል? ብቻ ገንዘቡን የሚይዘውና ሥራውን የሚያየው አንድ ሰው አይሁን፤ ከተቻለም ሁለቱ የማይዋደዱ ይሁኑ (በእኛ ቤት እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች ማግኘት አይከብድም)። ክፍያው ሥራው በደረሰበት ልክ ይሁን፣ ጠቅልላችሁ አትላኩ። ፎቶ አትቀበሉ፤ ከበሩ ተነስቶ አጥሩን ይዞ ሳይቋረጥ የሚዞር ቪዲዮ ጠይቁ፣ ዝናብ እየዘነበ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። ኤምባሲ ሄዳችሁ የምትሰጡት ውክልና ላይ የሚፈቀደውንም የሚከለከለውንም ዘርዝሩ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አያበቃም፤ እስከ 3 ዓመት ማከራየት ግን ከማስተዳደር ስለሚቆጠር ይፈቅዳል። የአክስቴ ልጅ ጠቅላላ ውክልናዬን ይዞ ስለነበር በኪራዩ በኩል እንኳ አልያዝኩትም።

ተከራይዋን አላስወጣኋትም፤ የካልሲዎቹ ባለቤት አሁን በሩጫ ላይ ነው። ባለፈው ሐምሌ ውሃው በረንዳውን ሊያልፍ ሲል ደውላ የነገረችኝ እሷ ናት፤ ቪዲዮውንም እስከ ቀኝ ጥግ ድረስ አዙራ ላከችልኝ።