ፋሽን ዲዛይነር መሆን የሚፈልግ አዲስ ገቢ ከየት ይጀምር?

ወደ ውጭ አገር አዲስ የመጡ ልጆችን ምን መማር እንደሚፈልጉ ስጠይቅ «ፋሽን ዲዛይን» የሚሉኝ ጥቂት አይደሉም። ተከትሎ የሚመጣው ጥያቄም ሁሌ ያው ነው፤ «የትኛው ኮሌጅ ልግባ?» እኔ ደግሞ «ሸሚዝ ሰፍተህ ታውቃለህ?» ብዬ መልሼ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ ይስቃሉ። እኔ ግን የምሬን ነው።

የራሴን ጉድ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ያመለከትኩበት ትምህርት ቤት ለቃለ መጠይቅ ሲጠራኝ አንድ ክምር ስዕል ይዤ ሄድኩ። ረጃጅም ሴቶች፣ የሚንሳፈፉ ቀሚሶች፣ ቀለሙ ራሱ የሚያፈዝ። መምህርቷ አንዱን አንስታ «ይሄ እጅጌ ትከሻው ላይ እንዴት ነው የሚገጠመው?» አለችኝ። ዝም አልኩ። «ዚፑስ የታለ?» ዚፕ አልሳልኩም። ለባሿ በየት በኩል ገብታ እንደምትለብሰው ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። አልተቀበሉኝም። ያኔ አኮረፍኩ እንጂ ልክ ነበሩ።

ስዕል ከዲዛይነር ሥራ ትንሹ ክፍል ነው። ከስዕሉ በኋላ ፓተርን አለ፤ የልብሱ እያንዳንዱ ቁራጭ በወረቀት ላይ በልኩ ይነደፋል። አንዳንዱ ደግሞ ወረቀቱን ትቶ ጨርቁን የሰው ቅርጽ ባለው የልብስ መለኪያ አሻንጉሊት ላይ እያንጠለጠለና በስፒል እየያዘ ቅርጽ ያወጣል። ከዚያ ናሙናው በርካሽ ጨርቅ፣ ማለትም በአቡጀዲ ይሰፋል። ሰው ይለብሰዋል። ብብቱ ይይዛል፣ ጀርባው ይጨማደዳል፣ ኪሱ ዝቅ ይላል። ወረቀቱ ይታረማል፣ እንደገና ይሰፋል። ሲያምር ፓተርኑ ለሌሎቹ የልብስ ቁጥሮች እንዲሆን ይተለቃል ወይም ይቀነሳል። መጨረሻ ላይ ቴክ ፓክ የሚባለው ሰነድ ይዘጋጃል። ልኩ፣ የስፌቱ ዓይነት፣ ክሩ፣ ቁልፉ፣ ገበሩ ሁሉ ተጽፎ ወደ ፋብሪካ ይላካል። ፋብሪካው የሚሰፋው እናንተ ያሰባችሁትን ሳይሆን እዚያ ላይ የጻፋችሁትን ነው።

እንግዲህ እያንዳንዱ ደረጃ ራሱን የቻለ እንጀራ ነው። ፓተርን ሠሪ፣ ናሙና ሰፊ፣ ቴክ ፓክ የሚያዘጋጅ ቴክኒካል ዲዛይነር፣ የጨርቅ ንድፍ ሠሪ፣ የቲያትርና የፊልም አልባሳት ሠራተኛ። «ዲዛይነር» የሚለው ወንበር ላይ ሰልፉ ረጅም ነው። ጥሩ ፓተርን ሠሪ ግን እንደዚያ በብዛት አይገኝም። ቋንቋው ገና ለሚኮላተፍ ሰው ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ የሰፋችሁት እጅጌ ስለራሱ ይናገራል።

እንግሊዛዊውን ዲዛይነር አሌክሳንደር ማክዊንን ውሰዱ። በ16 ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ ለንደን ውስጥ ሳቪል ሮው በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ኮት መስፋት ተማረ። በኋላ ሴንትራል ሴንት ማርቲንስ ወደሚባለው የለንደን የጥበብ ኮሌጅ የሄደው ተማሪ ልሁን ብሎ አልነበረም፤ ፓተርን ላስተምር ብሎ ነው። እነሱ ተማሪ ሆነህ ግባ አሉት፤ በ1992 በማስተርስ ተመረቀ። አሜሪካዊው ዲዛይነር ቨርጂል አብሎ ደግሞ ፋሽን ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠም። የተማረው ሲቪል ምህንድስናና አርክቴክቸር ነው። ከጋና የመጡት እናቱ ግን ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ መስፋት ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። በ2018 ሉዊ ቪተን የሚባለው የፈረንሳይ ፋሽን ቤት የወንዶች ልብስ ኃላፊ ሆነ።

ስለዚህ ለአዲስ ገቢ የምመክረው የመጀመሪያ ሥራ ልብስ ማስተካከያ ቤት ነው። ላውንደሪ ቤቶችና የሙሽራ ልብስ ሱቆች ሰፊ ይፈልጋሉ። ሱሪ ማሳጠር፣ ወገብ ማጥበብ፣ ዚፕ መቀየር። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። ነገር ግን በየቀኑ የሰው ልብስ ትፈታላችሁ። ውዱ ኮትና ርካሹ ኮት ውስጣቸው በምን እንደሚለያይ በዓይናችሁ ታያላችሁ። የሰው ገላ እንደ አሻንጉሊቱ እኩል አለመሆኑንም እዚያ ትማራላችሁ፤ አንዱ ትከሻ ዝቅ፣ አንዱ ዳሌ ከፍ። ይሄን የሚያስተምር ክፍል ብዙ አላየሁም። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ደሞዙ ሲለመድ ቀን ይሮጣል። ስትገቡ የመውጫችሁን ቀን አብራችሁ አስቡ።

አሜሪካ ላላችሁ አንድ ነገር ላስታውስ። በዲቪም ሆነ በቤተሰብ ግሪን ካርድ ይዞ የገባ ሰው ፋፍሳ የሚባለውን ቅጽ ሞልቶ ለፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከት ይችላል። ከዚያ ውስጥ ፔል ግራንት የሚባለው ብድር ሳይሆን እርዳታ ነው። ኒውዮርክ ያለው ኤፍ አይ ቲ (የፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት) በ1944 የተመሠረተ የመንግሥት ኮሌጅ ስለሆነ ለግዛቱ ነዋሪ ክፍያው ከሌላው ይቀንሳል። የሁለት ዓመቱን ዲፕሎማ ይዞ ሥራ መጀመር፣ ወይም ሁለት ዓመት ጨምሮ ዲግሪ ማድረግ ይቻላል። እዚያው ኒውዮርክ ያለው ፓርሰንስ የዲዛይን ትምህርት ቤት ትልቅ ስም አለው፤ የግል ነው፣ ዕዳውም ትልቅ ነው። ጀርመን ላላችሁ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። ልብስ ሰፊነት አውስቢልዱንግ የሚባል የሙያ ሥልጠና አለው። ሦስት ዓመት ከፊሉን ጊዜ የሙያ ትምህርት ቤት፣ የቀረውን የሥራ ቦታ ሆናችሁ እየተከፈላችሁ ትማራላችሁ። ቋንቋውን ግን አስቀድሙ። በጥቂት ሳምንት ዲዛይነር እናደርጋችኋለን የሚሉ የኦንላይን ሰርተፊኬቶች ላይ ገንዘባችሁን አታፍስሱ፤ ቀጣሪ ሲያያቸው ብዙም አይደንቀውም።

ቀጣሪ የሚያየው ፖርትፎሊዮውን፣ ማለትም የሥራችሁን ስብስብ ነው። ሃያ ስዕል ከመደርደር ሦስት ወይም አራት ልብስ ከመነሻ እስከ መድረሻ አሳዩ። መጀመሪያ የሞነጫጨራችሁት፣ ፓተርኑ፣ የተበላሸው አቡጀዲ፣ የታረመበት ቦታ፣ ያለቀው ልብስ። ያለቀውን ስታነሱ ገልብጣችሁ የውስጡን ስፌትም ፎቶ አንሱት። ከኮምፒውተር ፕሮግራሞች አዶቢ ኢሉስትሬተር የሚባለው የስዕል ፕሮግራም ይቅደም፤ ቴክ ፓክ ላይ የሚገባው ጠፍጣፋ ስዕል በአብዛኛው የሚሠራው በሱ ነው። ክሎ 3ዲ የሚባለው ልብሱን ስክሪን ላይ የሚያለብሰው ፕሮግራም ቀጥሎ ይመጣል። ማሽን ከሌላችሁ የሰፈራችሁን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ። አንዳንዶቹ የስፌት ማሽን ያስጠቅማሉ፤ እኔ ዘግይቼ ነው ያወቅሁት።

ሳልረሳው፣ አሜሪካ የምትሠሩ ከሆነ በሴንቲ ሜትር የለመደ እጃችሁን ከኢንች ክፍልፋይ ጋር አስተዋውቁት። እዚያ ሱቅ የሚሸጡት የቤት ስፌት ፓተርኖች ለስፌት የሚተዉት ትርፍ 5/8 ኢንች ነው፤ 1.6 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ግን ከዚያ ያነሰ ይተዋል። ሁለቱን ያምታታ ሰው ኮቱን አንድ ቁጥር አጥብቦ ያስረክባል። ማን እንደሆነ አልናገርም።

ትምህርቱ እስኪጀምር ከሆነ የምትጠብቁት፣ በዚህ ቅዳሜ አንድ ያገለገለ የወንድ ኮት ግዙ። ማንም እንዳይለብሰው አድርጋችሁ ፍቱት። መጀመሪያ ገበሩን፣ ቀጥሎ እጅጌውን፣ በመጨረሻ ኮሌታውን። እያንዳንዱን ቁራጭ ተኩሱትና ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ ዙሪያውን አስምሩ። የጨርቁን ክር አቅጣጫ በቀስት ምልክት አድርጉበት። ከዚያ በአቡጀዲ ቁረጡና መልሳችሁ ስፉት። እጅጌው አልገጥም ይላችኋል፤ ከብብቱ ቀዳዳ ይበልጣል። አትቁረጡት። ትርፉ የተተወው ለትከሻው ክብ ነው፤ በእጅ ክር ሰብሰብ አድርጋችሁ በካውያ እንፋሎት ታስገቡታላችሁ።