በእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ባለቤቱን አለመዘንጋት

አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ እንግሊዝኛ ሲጽፍ ባለቤቱን የሚዘነጋው በስንፍና አይደለም፤ የአማርኛ ግስ ባለቤቱን በራሱ ላይ ስለሚሸከም «ከዳንግላ መጣሁ»፣ «ከዳንግላ መጣች» ስንል «እኔ» ወይም «እሷ» ማለት ስለማያስፈልገን ነው። የእንግሊዝኛው «ኬም» ግን ለሁሉም አንድ በመሆኑ «አይ ኬም» ወይም «ሺ ኬም» ካልተባለ የመጣው ማን እንደሆነ አይለይም። ጃፓንኛ ተናጋሪዎችም ባለቤቱን መተው ያዘወትራሉ፤ የእነሱ ግስ ባለቤቱን ስለማያሳይ ግን ከንግግሩ ዐውድ ይረዱታል። ለእኛ መልሱ ከግሱ ላይ ስላለ ሥራው ይቀልልናል።

ስለዚህ ጀማሪ ተማሪ ስለ ገበያ ውሎው ጥቂት ዐረፍተ ነገሮችን በአማርኛ ይጻፍ፤ ከእያንዳንዱ ማሰሪያ አንቀጽ (ዐረፍተ ነገሩን ከሚቋጨው ግስ) ሥር ያስምርና «ማን?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ከላዩ ያስፍር፤ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስም ያንን መልስ ከግሱ በፊት ያስቀምጥ።

ይህ ዘዴ ጥንቃቄ የሚሻው «ራበኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «በረደኝ» በሚሉት ግሶች ላይ ነው። በእነዚህ ላይ ያለው «ኝ» ተሳቢ እንጂ ባለቤት አይደለም፤ እንግሊዝኛው ግን የተራበውን ሰው ባለቤት አድርጎ «አይ አም ሀንግሪ» ይላል። «ጮቄ ላይ በረደን» የሚለውን «ኢት ኮልድ አስ» ብሎ የጻፈ ተማሪ የአማርኛውን አካሄድ በትክክል ተከትሏልና ሊነቀፍ አይገባውም፤ «ዊ ወር ኮልድ» እንደሚባል ከነምክንያቱ ይነገረው። በአንጻሩ «ዘነበ» ሲባል አድራጊው ባይታወቅም የባለቤቱ ቦታ ባዶ አይቀርም፤ «ኢት ሬይንድ» ይባላል።

አክብሮትም ያሳስታል። በጎጃም «አንቱ» የምንላቸው አባት በእንግሊዝኛ «ዩ» ናቸው፤ «መሪጌታ መጡ» ሲባልም ግሱ የብዙ ስለሚመስል ተማሪዎች «ዜይ» ይላሉ፤ ትክክለኛው «ሂ» ነው። ይህን መምህሩ አስቀድሞ ቢናገር መልካም ነው፤ ታላቅን ሰው «ሂ» ማለት ድፍረት የሚመስለው ልጅ ብዙ ነውና። «ፀሐይ ወጣች»፣ «መኪናዋ ተበላሸች» የሚሉትም በ«ኢት» ይነገራሉ።

ባለቤቱ በስም ከተጠራ ተውላጠ ስም አይደገምም፤ «ማይ ብራዘር ሂ ኬም» ስሕተት ነው። ትእዛዝም ባለቤት አይሻም። «ባሕር ዳር ሄዳ ተመለሰች» በሚለው ደግሞ ሁለቱ ግሶች በ«ኤንድ» ከተያያዙ አንድ «ሺ» ለሁለቱም ይበቃል።