«ጋሼ፣ ሥዕል ያለው የለም?»

ቅዳሜ ጠዋት ቤቴን የሚያንኳኩ የሰፈር ልጆች አሉ። አራት ኪሎ ነው የምኖረው። ሳሎን ጥግ ላይ ሁለት ካርቶን ሙሉ የልጆች መጽሐፍ አለኝ፣ የሚመጡት እሱን ብለው ነው። ገና ጫማቸውን ሳያወልቁ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጋሼ፣ ሥዕል ያለው የለም?» በር ላይ የቆመችው እናት ደግሞ የራሷ ጉዳይ አላት። «ትምህርት የሚሆነው ነገር ስጥልኝ እባክህ፣ ሥዕል ሥዕሉን ብቻ አይቶ ነው የሚመልሰው።»

እኔ ከልጁ ጋር ነኝ። ለምን እንደሆነ በሁለት ቃል ላሳያችሁ። «አህያው ይበላል» የሚል ነገር አነበባችሁ እንበል። አህያው በላተኛው ነው ወይስ ምሳው? ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ አያሳይም፤ እኛ ትልልቆቹ ከዙሪያው ገምተን እናልፈዋለን፣ የሰባት ዓመት ልጅ ግን እዚያ ላይ ይደናቀፋል። ሥዕሉ ላይ አህያው ፊት ሣር ካለ አንድ ዓይነት ይነበባል፣ ከኋላው ጅብ ካደፈጠ ሌላ ዓይነት ይነበባል፣ አለቀ። ሥዕል ላይ አፍጥጦ የቀረ ልጅ እያነበበ ነውና ተዉት።

መጽሐፍ ልትመርጡለት ስትነሡ በዕድሜ አትጀምሩ። ሦስተኛ ክፍል ሆኖ መስመሩ ሲረዝም የሚጨንቀው አለ፤ አንደኛ ክፍል ሆና የታላቅ ወንድሟን መጽሐፍ የጨረሰች አለች። እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ደጋግመህ ያየኸው ነገር ምንድን ነው (ካርቱን ቢሆንም ግድ የለም)? ደባሪ ሆኖብህ የተውከውስ? ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ ይጠቅመኛል፣ ምክንያቱም ልጆች የወደዱትን ሲናገሩ እኛን ለማስደሰት ሊሉት ይችላሉ፣ የጠሉትን ሲናገሩ ግን አይዋሹም።

ከዚያ ሦስት መጽሐፍ ምንጣፉ ላይ ዘርግቼ ሻይ ላፈላ እገባለሁ። አንዱ የጠየቀውን የሚመስል፣ አንዱ ትንሽ ፈንጠር ያለ፣ አንዱ ጭራሽ ያላሰበው። መግባቱ የግድ ነው። አጠገቡ ከቆማችሁ እናንተ ደስ የሚላችሁን ነው የሚያነሣው። ስትመለሱ ምናልባት ገጹን እያገላበጠ መጨረሻው ላይ ደርሶ ታገኙታላችሁ፣ አንዳንዱ እንዲያውም ከኋላ ነው የሚጀምረው። አትቆጡት። ወደ አንድ ገጽ ተመልሶ ከቆየ መጽሐፉ ይዞታል ማለት ነው። ሦስቱንም ከገፋቸው ደግሞ «እንዴ! ይሄን የመሰለ መጽሐፍ!» ብላችሁ አትጩኹበት፣ ሌላ ሦስት አምጡ።

ስትገዙ በሽፋን አትሸወዱ። አንዴ ከአንድ ሱቅ ሽፋኑ በቀለም ያሸበረቀ የተረት መጽሐፍ ገዝቼ ቤት ስከፍተው ውስጡ ጥቁርና ነጭ ፎቶኮፒ ሆኖ ቁጭ አለ። የግራው ጠርዝ ተቆርጦ የየመስመሩ የመጀመሪያ ፊደል የለም። አንዷ ትንሽ ልጅ ገልጣ ገልጣ «ጋሼ፣ ይሄ መጽሐፍ አሞታል እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ መሀሉን ሳልገልጥ ሂሳብ አልከፍልም። ሌላው የማየው ነገር ባለታሪኳ ከገጽ ገጽ ራሷን መምሰሏን ነው፤ ከየቦታው ተለቃቅሞ የተለጠፈ ሥዕል ሲሆን ገጽ ሦስት ላይ ሹሩባ የነበራት ልጅ ገጽ አምስት ላይ ሌላ ሰው ሆና ትመጣለች። ልጆች ይሄን ከእኛ ቀድመው ነው የሚያዩት። ከዚያ ጽሑፉን በእጄ ሸፍኜ ሥዕሉን ብቻ አያለሁ። ጽሑፉ «ውሻው ሮጠ» ሲል ሥዕሉም ሯጭ ውሻ ብቻ ከሆነ ቀሽም ነው። ውሻው የማንን ጫማ ይዞ እንደሚሮጥ ሥዕሉ ብቻውን ከነገረኝ ግን ይሄን መጽሐፍ እገዛዋለሁ።

ጽሑፉንም እዚያው ቆሜ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ፣ ሻጩ ቢስቅም ይሳቅ። የአማርኛ ቃል ከፊትም ከኋላም እየተቀጠለበት ይረዝማል። «እንደማይመጣላቸው» ብቻውን አሥር ፊደል ነው። 231ዱንም ፊደል የለየ ልጅ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ሊረሳው ይችላል። ለጀማሪ አንባቢ ገጹ ላይ እንዲህ ያለ ቃል ከሁለት በላይ ካየሁ መጽሐፉን ለታላቁ አስቀምጠዋለሁ፤ ወይም ራሴ ላነብለት እይዘዋለሁ።

በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የተጻፉ መጻሕፍት ሌላ ጣጣ አላቸው። ይሄ መንገድ በእኛ አገር የታወቀው በአቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ነው ማለት ይቻላል። ሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሠሩ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ማጣታቸው አሳስቧቸው በ2002 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን በሁለት ቋንቋ አሳተሙ፣ በዓመቱ ደግሞ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ተከፈተ። ሐሳቡ አሪፍ ነው። የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ልጅ ግን እንግሊዝኛውን ብቻ አንብቦ አማርኛውን እንደ ጌጥ ያልፈዋል። የእኔ መላ ሥራውን ማከፋፈል ነው፦ አማርኛውን አያትየው ያነባሉ፣ እንግሊዝኛውን ልጅቷ። ለአንድ ቤተሰብ ይሄን ነግሬያቸው አያትና የልጅ ልጅ «ትርጉሙ ልክ አይደለም» እያሉ ሲከራከሩ አመሹ አሉ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ!

ወደ ግራፊክ ኖቭል፣ ማለትም ታሪኩን በተከታታይ ሥዕል ወደሚያስኬደው መጽሐፍ እንምጣ። ወላጆችን በጣም የሚያስፈራቸው ይሄኛው ነው። «ኮሚክ ነው አይደል? ጨዋታ ነው» ይሉኛል። እንዲህ የሚሉኝን ሰዎች ከነልጃቸው ቸርችል ጎዳና ወዳሉት የባህል ዕቃ መሸጫዎች እልካቸዋለሁ። እዚያ የንግሥተ ሳባ ሥዕል ተሰቅሎ ታገኛላችሁ፣ ብዙ ጊዜ በ44 ሳጥን የተከፋፈለ፣ ሥር ሥሩ አማርኛ የተጻፈበት። ከዘንዶው ጀምሮ እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ ድረስ ታሪኩን በሳጥን በሳጥን ያስኬደዋል። ይሄ ኮሚክ ካልሆነ ምንድን ነው? ልጁን ከሳጥን ሳጥን በጣቱ እየተከተለ እንዲተርክላችሁ አድርጉ። ቀጥሎ አንድ ጨዋታ አለ፣ ቤተ ክርስቲያን ላለ የቆየ ሥዕልም ይሠራል፦ «ክፉው ማን ነው?» በሉት። በድሮው ሥዕል ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት ያያል፣ ክፉው በጎን ተስሎ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ይሄን ያወቀ ልጅ ኮሚክ ሲይዝ ሠዓሊው ክፉውን በምን እንዳሳወቀበት መፈለግ ይጀምራል፤ በጥላ ነው፣ በቅንድብ ነው፣ በቀለም ነው።

ከአሥራ አንድ አሥራ ሁለት ዓመት በላይ ለሆኑት መጀመሪያ የምሰጠው ኢታን ኮሚክስ ያሳተመውን «ጀምበር» የተባለ ኮሚክ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አለ፣ ልዩ ኃይል ያለው ጀግና አዲስ አበባ ውስጥ። በኋላ ሴት ጀግናም አክለዋል። ድብድብ ስላለው ለታናናሾቹ ከመስጠታችሁ በፊት ራሳችሁ እዩት። ማንጋ የሚባለውን የጃፓን ኮሚክ የሚጠይቃችሁ ልጅ ካለ ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚነበብ አንዴ አሳዩት፤ ሳይነገረው ጀምሮ «ታሪኩ አይገባም» ብሎ የተወ ልጅ አውቃለሁ፣ ሁሉንም ከመጨረሻው ነበር የጀመረው።

የት ይገኛል ለምትሉ፦ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍት ነው፣ የልጆች ቦታም አለው፤ ሳትገዙ የልጁን ፍላጎት ለማወቅ ከዚያ የተሻለ የለም። መጽሐፍ በክንዳቸው ደርድረው የሚዞሩትን አዟሪዎችም አትናቋቸው፣ «የልጆች፣ ባለ ሥዕል» ካላችኋቸው ፈልገው ያመጣሉ። ኪስ ለሳሳበት ወር ስቶሪዊቨርና አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባሉ በነፃ የሚያስነብቡ ድረ ገጾች አሉ፣ የአማርኛም አላቸው። ስቶሪዊቨር በደረጃ ከአንድ እስከ አራት ስለከፈላቸው ለመምረጥ ይቀላል። አንዳንዱ ትርጉም ስለሚጎረብጥ ቀድማችሁ አንብቡትና ፎቶኮፒ ቤት ወስዳችሁ አሳትሙት፣ የሚፈቀድ ነው። በስልክ ማንበብ ይቻላል፣ ግን ስልኩን አንዴ ከተቀበሏችሁ ወደ ጌም ነው የሚሄዱት።

መጽሐፉን ስትሰጡ ስለ ጥቅሙ ምንም አትናገሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች አንብቡለት፣ በሩ ሲንኳኳ ወይም ጅቡ አፉን ሲከፍት ዝጉና «ቀሪውን አንተ ትነግረኛለህ» ብላችሁ ስጡት። ማን ምን እንደወሰደ እኔ በደብተር እጽፋለሁ፣ ሲመለስም ልጁ ያለውን በራሱ ቃል አጠገቡ አሰፍራለሁ። «አሪፍ ነው ግን ጅቡ ያሳዝናል» የሚል አለ። ለቀጣዩ ልጅ ስጠቁም ከእኔ ቃል ይልቅ ይሄን ነው የማነብለት። ወጥ ነክቶት የተመለሰውን አልቆጣበትም። ሁለት ወር ሙሉ ያልተመለሰ አንድ የዝሆን መጽሐፍ አለ፣ ልጅቷ አሁንም ትራሷ ሥር እንዳደረገችው እናቷ ነግራኛለች። ሌላ ቅጂ እየፈለግሁ ነው።