የዶርም ጓደኛችሁ ሲጨንቀው ምን ታደርጋላችሁ?

ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የተማሪን ጭንቀት ቀድሞ የሚያየው መምህር ወይም ወላጅ አይደለም፤ አብሮት የሚያድር ልጅ ነው። ካፌ መሄድ ያቆመውን፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚገላበጠውን፣ የሚወደውን ጃኬት "ውሰደው፣ ለእኔ ምን ያደርግልኛል" ብሎ የሰጠውን የምታዩት እናንተ ናችሁ።

መጀመሪያ ብቻውን አግኙት። ብዙ ሰው በሚተኛበት ክፍል እንዲህ ያለ ነገር አይወራም። ሻይ ጠጡ፣ ወይም በእግር ዞር ዞር በሉ። ያያችሁትን ንገሩት፦ "ሰሞኑን ካፌ አትሄድም፣ እንቅልፍም የለህም። ምን ሆነህ ነው ወንድሜ?" ከዚያ ስሙት። "አይዞህ፣ ያልፋል" ለማለት አትቸኩሉ፤ የጀመረውን ወሬ ያስውጠዋል።

መኖር እንደሰለቸው ከተናገረ በቀጥታ ጠይቁ፦ "ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?" ብዙዎቻችን ይህን መጠየቅ ያላሰበውን ማሳሰብ ይመስለናል። አይደለም። ለብቻው ተሸክሞት የቆየውን የሚያወጣበት በር ይከፍትለታል። "አዎ" ካለ እንዴትና መቼ ብሎ እንዳሰበ ጠይቁት። መንገዱንና ጊዜውን ካሰበበት ጉዳዩ ለነገ አይባልም።

ያን ጊዜ ለደቂቃም ብቻውን አትተዉት። ክፍሉ ውስጥ ያለ መድኃኒትና ሊጎዳው የሚችል ነገር ሁሉ ይነሳ። አንዳችሁ ከሱ ጋር ሁኑ፣ ሌላው ፕሮክተር (የዶርሙን ተቆጣጣሪ) ይጥራ። "ለማንም እንዳትናገር" ብሎ ቢለምናችሁም ቃል አትግቡ። "ለሚረዳህ ሰው ብቻ ነው የምናገረው" በሉት። ቢቀየማችሁም ይቀየም፤ በሕይወት ካለ ትታረቃላችሁ።

ቀጥሎ የግቢው ክሊኒክ ነው። መታወቂያውን ያዙለት። ለሐኪሙ "ትንሽ አሞታል" አትበሉ፤ የሰማችሁትን እንዳለ ንገሩት። ሪፈር ከተጻፈለት አብራችሁ ሂዱ። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ የጅማና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። ሌላ ከተማ ከሆናችሁ በቅርብ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይቀበላችኋል። መኪና ከጠፋ 907 ደውሉ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው። የክሊኒኩንና የፕሮክተሩን ስልክ ግን ዛሬውኑ ሞባይላችሁ ላይ መዝግቡ፤ እኩለ ሌሊት ላይ ቁጥር ማፈላለግ ከባድ ነው።

ቤተሰቡ ጸበል ልውሰደው ወይም ዱዓ ላስደርግለት ቢል አትከራከሩ። መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ ብቻ አደራ በሉ፤ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

ትምህርቱን ማቋረጥ ግድ ከሆነ ዝም ብሎ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ። ሬጅስትራር ቀርቦ ዊዝድሮዋል (ትምህርት የማቋረጫ ቅጽ) ይሙላ፣ የሐኪም ማስረጃውን ያያይዝ። ሳይሞላ የጠፋ ተማሪ ሪአድሚሽን (ተመልሶ መግባት) ሲጠይቅ ይቸገራል። እሱ አቅም ከሌለው ከተማሪዎች ዲን ጋር ተነጋገሩለት።

ይህን የምታነቡት የጨነቃችሁ እናንተው ከሆናችሁ፣ አጠገባችሁ ያለውን ልጅ አሁን ቀስቅሱት። "ብቻዬን መሆን ፈርቻለሁ፣ ክሊኒክ ውሰደኝ" ማለት ይበቃል።