ቮድካ በፍራፍሬና በሶዳ፦ ጋዙ ሳይጠፋ ቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

ይህን ኮክቴል ለመሥራት ባርማን መሆን አያስፈልግም። ቮድካ፣ ፍራፍሬ፣ ሎሚ፣ ትንሽ ስኳርና ሶዳ ካለ አለቀ። ግን ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ሲሠራ ለብ ያለ፣ ጋዙ የጠፋ፣ ከላይ ውሃ ውሃ ከሥር ደግሞ ስኳር ስኳር የሚል ነገር ሆኖ ይቀርባል። ጥፋቱ የፍራፍሬውም የቮድካውም አይደለም። የቅዝቃዜና የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ስለዚህ ከመጠኑ በፊት ስለ ጋዙ እናውራ።

ሶዳ ውስጥ ያለው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር ጋዙን ይይዘዋል፣ ሲሞቅ ይለቀዋል። ለብ ያለ ሶዳ በረዶ ላይ ስታፈሱ ሹሽሽ ብሎ ገንፍሎ የሚወጣው አረፋ፣ ልትጠጡት የነበረው ጋዝ ነው። ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ሶዳው ፍሪጅ ውስጥ ይደር። ቮድካውን ፍሪዘር ውስጥ ብታስገቡት እንኳ ችግር የለውም፤ 40 በመቶ አልኮል ያለው ቮድካ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሆነው የቤት ፍሪዘር አይረጋም፣ ትንሽ ወፈር ይላል እንጂ። ሶዳውን ግን ለማፍጠን ብላችሁ ፍሪዘር ውስጥ አትክተቱት። ውሃ ሲረጋ ይሰፋል፣ ጠርሙሱም ሊፈነዳ ይችላል።

ሶዳ ስል ምንም ስኳር የሌለውን፣ ጋዝ ያለውን ውሃ ማለቴ ነው። በጣፋጭ ለስላሳ መሥራትም ይቻላል፣ ግን ያኔ ጣዕሙን የሚወስነው ፋብሪካው እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ቶኒክ ከወደዳችሁ ኩዊኒን የሚባል መራራ ነገር ስላለበት መረር እንደሚል አስቡና ሽሮፑን እየቀመሳችሁ አስተካክሉ። ከትልቅ ጠርሙስ ይልቅ ትንንሾቹን ግዙ፤ ትናንት ተከፍቶ የተቀመጠ ሶዳ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ለቮድካው ብዙ ገንዘብ አታውጡ። ሎሚና ፍራፍሬ ሲገባበት የውዱና የመካከለኛው ልዩነት ብዙም አይታወቅም። አንድ ነገር ላይ ግን አትደራደሩ፦ እሽጉ ያልተነካ፣ ከምታምኑት ሱቅ የተገዛ ይሁን። ምንጩ ያልታወቀ አልኮል ውስጥ ሜታኖል ሊኖር ይችላል፣ ሜታኖል ደግሞ ዓይን ያጠፋል፣ ሰውም ይገድላል።

ስኳሩን እንዳለ ብርጭቆ ውስጥ አትጨምሩ። በቀዝቃዛ ነገር ውስጥ ቶሎ አይሟሟም፣ ከሥር ይዘቅጥና ለማሟሟት ስታማስሉ ጋዙን ትጨርሱታላችሁ። አንድ ኩባያ ስኳር በአንድ ኩባያ ውሃ እሳት ላይ ጣዱ፣ ስኳሩ ሲጠፋ አውጡት። መንተክተክ አያስፈልገውም። ሲበርድ ንጹህ ጠርሙስ ውስጥ ገልብጡት፤ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያለምንም ችግር ይቆያል።

አሁን ወደ ፍራፍሬው። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሠራ ሰው እንጆሪ ነው የምመክረው። አራት ወይም አምስት ፍሬ በደንብ እጠቡ፣ ቅጠሉን አንሱ፣ በቀጭኑ ቁረጡና አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ነስንሳችሁ ለ20 ደቂቃ ተዉት። ስኳሩ ከፍሬው ውስጥ ውሃውን ይስባል። ስትመለሱ ሳህኑ ሥር ደማቅ ቀይ ጭማቂ ተጠራቅሞ ታገኛላችሁ፣ ቁርጥራጮቹም ለስለስ ብለው የራሳቸው ወዝ ላይ ይንሳፈፋሉ። የኮክቴሉ ጣዕም እሱ ጭማቂ ውስጥ ነው፤ አንዲት ጠብታ እንዳይቀርባችሁ። ፍሪዘር ውስጥ የከረመ እንጆሪም በጣም ጥሩ ነው፣ ሲሟሟ እንደውም ከትኩሱ የበለጠ ጭማቂ ይሰጣል።

ማንጎ ግሩም ነው፣ ግን ወፍራም ነው። ፈጭታችሁ እንዳለ ከጨመራችሁት ከሥር ይተኛል፣ ሶዳው ከላይ ብቻውን ይቀራል። በወንፊት አጥልሉትና ከሁለት የሾርባ ማንኪያ አትለፉ። አናናስ የራሱ ኮምጣጣነት ስላለው ሎሚው ይቀነስ። ሐብሐብ ራሱ ውሃ ነው፤ ሶዳውን ካልቀነሳችሁ ጣዕሙ ይጠፋል። ብርቱካን ብቻውን ጣፋጭነቱ ያመዝናል፣ ሎሚ የግድ ያስፈልገዋል። ሙዝና አቮካዶ ለዚህ መጠጥ አይሆኑም።

መጠኑ ቀላል ነው፦ ሁለት እጅ ቮድካ፣ አንድ እጅ ሎሚ፣ አንድ እጅ ሽሮፕ። በሾርባ ማንኪያ ሦስት ቮድካ፣ አንድ ተኩል የሎሚ ጭማቂ፣ አንድ ተኩል ሽሮፕ ማለት ነው። ፍራፍሬው ላይ ስኳር ከነሰነሳችሁ ግን ሽሮፑን ወደ አንድ ማንኪያ አውርዱት። ሎሚውን ከመቁረጣችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ በመዳፋችሁ ተጭናችሁ አንከባሉት፣ ጭማቂው ይበዛል። ስትጨምቁም ልጣጩ እስኪደቅ አትጭመቁት፣ ይመራል። የተጨመቀ ሎሚ ሲያድር ትኩስነቱ ይጠፋል፣ ስለዚህ የዕለቱን በዕለቱ።

ጠንከር ያለ ብርጭቆ ውስጥ እንጆሪውን ከነጭማቂው አድርጉና በማንኪያ ጀርባ ጫን ጫን አድርጉት። ናና ከወደዳችሁ አብራችሁ አትጨቅጭቁት፤ ቅጠሉ ሲደቅ ምሬት ያወጣል። መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ጠፍ ካደረጋችሁት ሽታው ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ ከላይ ጣል ታደርጉታላችሁ። ከዚያ ቮድካውን፣ ሎሚውንና ሽሮፑን ጨምራችሁ እዚህ ላይ በደንብ አማስሉ፤ እስካሁን ጋዝ ስለሌለ የሚጠፋ ነገር የለም። ሼከር ያለው በሼከር፣ የሌለው ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የመስታወት ዕቃ ከበረዶ ጋር 10 ሰከንድ ያህል ቢንጠው የበለጠ ይቀዘቅዛል። ሶዳ ግን በፍጹም የሚናጠው ውስጥ አይገባም! ግፊቱ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል።

ቀጥሎ ረጅም ብርጭቆ በበረዶ ሙሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰስታል፣ ሁለት ፍሬ በረዶ ጣል አድርጎ ያልፋል። ትንሽ በረዶ ቶሎ ይሟሟል፣ መጠጡን ያቀጥናል። የሞላ ብርጭቆ ቅዝቃዜውን ይዞ ይቆያል። ከፍሪዘር አሁን የወጣ በረዶ ላዩ ሻካራ አመዳይ ይኖረዋል፣ የጋዙ አረፋ ደግሞ ሻካራ ነገር ላይ ነው የሚፈጠረው፤ በረዶውን በቀዝቃዛ ውሃ ቶሎ ለቅለቅ አድርጋችሁ ውሃውን ብትደፉ አረፋው ይረጋጋል። የተፈጨ ፍራፍሬም እንዲሁ ነው፣ ቅንጣቶቹ ጋዙን ያባርሩታል። ለዚህ ነው ቅይጡን በወንፊት አጥልላችሁ በረዶው ላይ አፍስሱ የምለው። ፍሬውን መብላት ከፈለጋችሁ ጥቂት ቁራጭ መልሳችሁ ጨምሩ፣ ትንሽ ጋዝ ብታጡ ነው።

ሶዳው የመጨረሻው ነው። ብርጭቆውን ዘንበል አድርጋችሁ በጎኑ በኩል ቀስ ብላችሁ 100 ሚሊ ሊትር ያህል አውርዱ። ከዚያ ረጅም ማንኪያ እስከ ሥር አስገቡና አንድ ጊዜ ወደ ላይ ሳብ አድርጉ። በቃ። ቀዩ ከሥር ተነሥቶ ወደ ላይ ሲወጣ ታያላችሁ፤ ማማሰል አያስፈልግም።

ቅመሱት። ጎምዛዛ ከሆነ ሽሮፕ፣ ከጣፈጠ ሎሚ። ሁለቱም ልክ ሆኖ የሆነ ነገር ጎደለው ካላችሁ በጣት ጫፍ የምትያዝ ጨው ሞክሩ፣ የፍራፍሬውን ጣዕም ታወጣዋለች።

ይህ መጠጥ ጁስ ጁስ ስለሚል ያታልላል። በአንዱ ብርጭቆ ውስጥ 14 ግራም ገደማ ንጹህ አልኮል አለ፣ 5 በመቶ አልኮል ካለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ በትንሹ ይበልጣል። ስለዚህ ቮድካውን በዓይን ግምት አታፍስሱ፣ ለኩት። መሪ የሚይዝ ሰው አይጠጣ፣ እርጉዝ ሴትም እንዲሁ። መድኃኒት የሚወስድ ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ።

እንግዳ ካለ አንድ በአንድ አትሥሩ። ለ8 ሰው 360 ሚሊ ሊትር ቮድካ፣ 180 ሎሚና 180 ሽሮፕ ከተጣራው የፍራፍሬ ጭማቂ ጋር በአንድ ጆግ ቀላቅላችሁ ጠዋት ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት። ሶዳውን ጆጉ ውስጥ አትጨምሩ፤ የመጨረሻው ሰው እስኪደርሰው ጋዙ ያልቃል። በየብርጭቆው ይቀዳ። የማይጠጣ ሰው ካለም ቮድካው ከመግባቱ በፊት የእሱን ድርሻ በሌላ ዕቃ ቀንሱለት፣ ሎሚ ጠብ አድርጉበትና በቮድካው ፋንታ ሶዳውን ሞላ አድርጉለት።