ባሕር ዳር ላይ ጥብስ ሲያዝዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መጥፎ ጥብስ የበላ ሰው ብዙ ጊዜ የሚወቅሰው ወጥ ቤቱን ነው። ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሥጋው እሳት ሳይነካው፣ ቆራጩ ፊት ቆመው ሳይናገሩት በቀሩት ቃል ይሠራል።

«አንድ ኪሎ ጥብስ» ብሎ ሄዶ መቀመጥ

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ብልቱን ያልጠራ ሰው የሚደርሰው ለቆራጩ እጅ የቀረበው ነው። ዝልዝል ከፈለጉ ከሽንጥ ያስቆርጡ። የወርች ሥጋ ብዙ የሠራ ጡንቻ ስለሆነ ፍም ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል፤ ቦታው ወጥና ቅቅል ነው። ጭቅና ለስላሳ ነው፣ ግን ስብ የለውም፤ ትንሽ ከቆየ ይደርቃል፣ ስለዚህ ጥቂት ጮማ ይጨመርበት ይበሉ። ፍርምባን ደግሞ በችኮላ አያስጠብሱ። ጅማቱ የሚለሰልሰው በዝግታ ብቻ ነው፤ አሜሪካኖች ፍርምባን ጭስ ውስጥ አሥር ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚያቆዩት በከንቱ አይደለም።

መጠኑንም ያስቡበት። የሚመዘነው ጥሬው ነው፤ ሥጋ ሲጠበስ ውሃና ስብ ስለሚጥል ከሩብ እስከ ሲሶ ይቀንሳል። አጥንት የሌለው አንድ ኪሎ ለሦስት ሰው ይበቃል፤ ጎድን ከሆነ አንድ ኪሎ ተኩል ይዘዙ። ሥጋው ከመቀመጡ በፊት ሚዛኑ ዜሮ ላይ መሆኑን ማየት ነውር የለውም።

ነበልባል ላይ ማስጠበስ

ከአዊ ዞን የሚመጣው የዲከረንስ ዛፍ ከሰልም ሆነ ሌላው፣ ፍም ሆኖ ነጭ አመድ እስኪለብስ ሥጋ ሊጣልበት አይገባም። በደንብ ያልተያያዘ ከሰል የሚያወጣው ጭስ ሥጋውን ያመርረዋል፣ ራስም ያሳምማል። የምንወደው የጭስ ጣዕም የሚመጣው ፍሙ ላይ ጠብ ከሚለው ስብ ነው። ስቡ ሲበዛ ግን ነበልባል ይነሣና ሥጋውን በጥላሸት ይሸፍነዋል፤ ይህን ካዩ «ወደ ዳር አውጣልኝ» ማለት መብትዎ ነው።

ሸክላውን ጠረጴዛ ላይ መርሳት

የሸክላ ጥብስ ቀርቦም መብሰሉን አያቆምም። ከሥር ፍም አለ፣ ሸክላውም ሙቀት ይይዛል። ወሬ ይዞዎት ሩብ ሰዓት ካለፈ ቀዩ ሥጋ ይደርቃል፣ ሽንኩርቱም ያርራል። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ፍሙ ይቀነስልኝ ይበሉ፤ አለዚያም እንጀራው ላይ ይገልብጡት። መረቁን የጠጣው እንጀራ እንደሆነ ከሥጋው አይተናነስም።

አረቄና ሚጥሚጣ ኮሶን ይገድላሉ ብሎ ማመን

አይገድሉም። ቁርጥ ውስጥ ሊኖር የሚችለው የኮሶ እጭ የሩዝ ፍሬ የሚያህል ነጭ ፊኛ ውስጥ ተሸፍኖ ነው የሚቀመጠው፤ የሚሞተውም የሥጋው መሃል 60 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ለብለብም መሃሉ ጥሬ ከሆነ ዋስትና አይሰጥም። ጥሬ ካልበሉ የማይጠግቡ ከሆነ ቢያንስ የቄራ ማህተም ያለበትን ይምረጡ፤ ማህተሙ አደጋውን ቢቀንስም አያጠፋውም። ዱለት በጥሬው ሲሆን ጠዋት፣ በታረደበት ዕለት ብቻ፤ ጉበትና ጨጓራ ቶሎ ይበላሻሉ።

ዓሣውን ሳይለዩ ማዘዝ

ጣና ዳር ቁጭ ብሎ «ዓሣ ጥብስ» ማለት «ሥጋ ስጠኝ» እንደማለት ነው። ቆሮሶ ሥጋው ነጭና ጥብቅ ነው፣ አጥንቱም ለመለየት ቀላል ስለሆነ ሙሉውን ለማስጠበስ ይመቻል። ነጭ ዓሣ ጣዕሙ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሥጋው ውስጥ የተበተነ መንታ ጫፍ ያለው ቀጭን አጥንት ስላለው ለልጅ አያዝዙለት። አምባዛ ስብ አለው፣ ፍም ላይ አይደርቅም። ቅርፊት የሌለው በመሆኑ ግን ብዙ ኦርቶዶክሳውያን አይበሉትም፤ ጉላሽ ወይም ዓሣ ዱለት ሲያዝዙ ከምን እንደተሠራ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ተከትፎ ከቀረበ በዓይን አይለይም።

ሙሉ ዓሣ ሳይጠበስ ይታይ። ዓይኑ የጠራና ያበጠ፣ ጉንጩ ሲገለጥ ቀይ፣ በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ መሆን አለበት። «በከሰል» ካላሉ አብዛኛው ቤት ዘይት ውስጥ ነው የሚጥለው። ጎኑ ሦስት አራት ቦታ ካልተሰነጠቀ ቆዳው አርሮ አከርካሪው አጠገብ ጥሬ ይቀራል። ሎሚውን ጠረጴዛ ላይ ይጭመቁ፤ ቀድሞ ከተነከረ ሥጋው ይፈራርሳል።

ማባያውን ሳይቀምሱ መነስነስ

ሚጥሚጣ ውስጥ ጨው አለ። ሥጋውም ወጥ ቤት ጨው አግኝቷልና መጀመሪያ አንድ ጉርሻ ባዶውን ይቅመሱ። ሰናፍጭ ኃይሉ የሚወጣው የተፈጨው ፍሬ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኝ ነው፤ የፈላ ውሃ ከነካው ይሞታል፣ ቆይቶ ካደረም ይደክማል። አፍንጫ የማይነዝር ሰናፍጭ ከቀረበልዎ ይመልሱት።

ቅቅል ቢያምርዎት ከሁሉ አስቀድመው ይዘዙ። ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቅልጥም ከቆላው ይልቅ ይዘገያል።

ቀኑን መርሳት

ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም 55ቱን ቀን፣ የክርስቲያን ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ ወይም ይቀዘቅዛሉ። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት የተሰቀለው የማክሰኞ ትርፍ ሊሆን ይችላል፤ መቼ እንደታረደ ይጠይቁ። የሙስሊም ቤቶች እነዚህን ቀናት አይዘጉም፤ እንግዳ ይዘው ሲወጡ ግን የሚበላው የየትኛውን እንደሆነ በር ላይ ያለውን ምልክት አይታችሁ ግቡ።